ስንፍናው ነው ሕመሙን ያመጣው ወይስ ሕመሙ ነው ስንፍናውን? ስለ ፓርኪንሰንና ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ላስቸግራችሁ። ቀኝ እጃችሁን አንሡ፤ አመልካች ጣታችሁን ከአውራ ጣታችሁ ጋር አሥር ጊዜ አጋጩ። በተቻላችሁ መጠን ፈጠን አድርጋችሁ፣ ጣቶቻችሁንም በደንብ እየከፈታችሁ። እሺ። አሁን ደግሞ በግራ። ይበቃል፣ አመሰግናለሁ። ግራ እጃችሁ ዘገየት ያለባችሁ አትደንግጡ፤ ቀኘኞች ስለሆናችሁ ነው።

የነርቭ ሐኪም ፓርኪንሰን የጠረጠረውን ሰው ከሚያሠራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የሚያየው ፍጥነቱን ብቻ አይደለም። ሕመሙ ያለበት ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስቱን ደህና አድርጎ ይጀምርና፣ ከዚያ በኋላ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እየጠበበ፣ እንቅስቃሴው እየኮሰሰ ይሄዳል፤ አንዳንዴም መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ጡንቻው ጤነኛ ነው። ፈቃዱም አለ። የጎደለው እንቅስቃሴውን በልኩ የሚያስኬደው የአንጎል ትእዛዝ ነው። ብዙዎቻችን ፓርኪንሰን ሲባል መንቀጥቀጥ ብቻ ነው የሚመጣልን፤ የበሽታው እምብርት ግን ይህ መዝገም ነው። ከነጭራሹ የማይንቀጠቀጡ ሕሙማን አሉ።

ዛሬ የተጠየቅሁት ጥያቄ አጭር ነው፦ ስፖርት አንጎልን ከፓርኪንሰን ይጠብቃል ወይ? “አዎ፣ ሩጡ” ብዬ ብወርድ ሁላችንም በጊዜ ቤታችን እንገባ ነበር። ነገር ግን “ይጠብቃል” የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይደብቃል። አንደኛ፣ ጤነኛውን ሰው እንዳይታመም ማድረግ። ሁለተኛ፣ የታመመው ሰው የነርቭ ሴሎቹ በዝግታ እንዲያልቁ ማድረግ። ሦስተኛ፣ የሴሎቹ እልቂት ሳይቆም ሰውየው የተሻለ እንዲራመድ፣ የተሻለ እንዲኖር ማድረግ። ለሦስቱ ያለን ማስረጃ እኩል አይደለም። ጋዜጣው አንድ ላይ ሲደባልቃቸው ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው ጄምስ ፓርኪንሰን ከተባለ የለንደን ሐኪም ነው። በ1817 ባሳተመው አነስተኛ ጽሑፍ የስድስት ሰዎችን ሁኔታ መዘገበ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹን ያያቸው መንገድ ላይ ሲያልፉ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።) አንጎል ውስጥ የሚጎዳው ቦታ የት እንደሆነ ለማመልከት ግን ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ፈጀ፤ ትሬቲያኮፍ የተባለ ተመራማሪ የመካከለኛውን አንጎል ጥቁር ክፍል ያመለከተው በ1919 ነው። በ1957 ደግሞ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ጥንቸሎችን በመድኃኒት እንደ ድንጋይ አድርቆ፣ ሰውነት ዶፓሚን የሚባለውን፣ በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ኬሚካል የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ሲወጋቸው ተመልሰው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ዛሬ ሕሙማን የሚውጡት ሌቮዶፓ ያው ንጥረ ነገር ነው። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት።

እዚህች ጥቁር ክፍል ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የስፖርቱ ነገር የሚገባን ከእሷ ስለሆነ ነው። በላቲን ሰብስታንሺያ ናይግራ ይሏታል፣ ጥቁሩ ነገር ማለት ነው። ጥቁረቷ የሚመጣው ኒውሮሜላኒን ከሚባል ቀለም ነው። እዚያ ያሉት ሴሎች ዶፓሚን እየሠሩ እንቅስቃሴን ወደሚያስተባብረው የአንጎል ክፍል ይልካሉ። የሚገርመው የሥራቸው ብዛት ነው። አንዱ ሴል የሚዘረጋው የነርቭ ክር ቅርንጫፎቹ ሁሉ ተቀጣጥለው ቢለኩ ከ4 ሜትር በላይ እንደሚሄድና ከ1 ሚሊዮን በላይ መገናኛዎች እንዳሉት ተመራማሪዎች ይገምታሉ። የሴሉ አካል ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። በዚያ ላይ እነዚህ ሴሎች የሚቀሰቅሳቸው ሳይጠብቁ፣ ተኝተን እንኳ፣ በራሳቸው ምት ሲሠሩ ያድራሉ። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የሚመጣው ሚቶኮንድሪያ ከሚባሉት የሴሉ የኃይል ማመንጫዎች ነው። ማመንጫ ያለ ጭስ አይሠራም፤ ጭሱ ሴሉን ይጎዳል። አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ቅርጹ ተበላሽቶ እየተጓጎለ ውስጡ ይከማቻል። ባጭሩ እነዚህ ሴሎች ገና ከልጅነታቸው ከአቅማቸው ጫፍ ላይ የሚኖሩ ሠራተኞች ናቸው። ዕድሜ ሲጨመርበት፣ የዘር ውርስ ወይም አንዳንድ ፀረ ተባይ መርዝ ሲታከልበት ቀድመው የሚወድቁት እነሱ መሆናቸው አያስደንቅም።

አሁን ደግሞ መጥፎውን ዜና ልንገራችሁ። “ሳይቃጠል በቅጠል” እንላለን። በዚህ በሽታ ግን ሰውየው እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮት ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ከቤቱ ብዙው ተቃጥሏል፤ ዶፓሚን ከሚያመነጩት ሴሎች ትልቅ ክፍል ጠፍቷል። እሳቱ የተነሣው ከዓመታት በፊት ነው። ማሽተት ያቆመ አፍንጫ፣ የማይለቅ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ ሕልምን እየኖሩ መራገጥና መጮኽ፤ እነዚህ ከመንቀጥቀጡ አሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። (ሆዱ የደረቀ ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለቴ አይደለም፤ እባካችሁ ነገ ጠዋት ሐኪሞችን አታጨናንቁብኝ።)

ይህ ረጅም የድብቅ ዘመን ነው የጥያቄያችን ቋጠሮ። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከዚያ በፊት የተካሄዱ ስምንት የረጅም ጊዜ ክትትሎችን አንድ ላይ ደምሮ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ተመለከተ። ጠንከር ያለ ወይም መካከለኛ እንቅስቃሴ ከሁሉ በላይ የሚሠሩት፣ ከሁሉ በታች ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በፓርኪንሰን የመያዛቸው ዕድል በ29 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስዊድን ውስጥ ከ43 ሺህ በላይ ሰዎችን በአማካይ ከ12 ዓመት በላይ የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ በሳምንት ከ6 ሰዓት በላይ በቤት ሥራና በእግር ወይም በብስክሌት ወደ ሥራ በመመላለስ የሚያሳልፉት፣ ከ2 ሰዓት በታች ከሚያሳልፉት በ43 በመቶ ያነሰ ዕድል እንዳላቸው አገኘ። ወለል መወልወልም ተቆጥሯል ማለት ነው፤ ይህን የምለው ስፖርት ሲባል ውድ ጫማ ብቻ ለሚታየው ሰው ነው።

ቁጥሮቹ ደስ ይላሉ። ነገር ግን አሁን የነገርኳችሁን አስታውሱ። በሽታው ውስጥ ውስጡን ለአሥር ዓመት ሲሠራ ከቆየ፣ ያ ሰው በእነዚያ ዓመታት ምን እያደረገ ነበር? ሳያውቀው እየዘገመ፣ ሳያውቀው እየደከመው፣ ኳስ ጨዋታውን እየተወ፣ ደረጃውን እየፈራ ነበር። ስለዚህ የጥናቱ መጠይቅ ሲደርሰው “ብዙም አልንቀሳቀስም” ብሎ ይሞላል። ከዓመታት በኋላ ፓርኪንሰን ሲገኝበት እኛ “አያችሁ፣ ስላልተንቀሳቀሰ ነው” እንላለን። እውነቱ ግን ታሞ ስለነበር ነው ያልተንቀሳቀሰው። ቤተሰብም እንዲሁ ያደርጋል፤ “ድሮ ንቁ ነበር፣ ጡረታ ሲወጣ ሰነፈ፣ ከዚያ ታመመ” ይባላል። ማን ማንን እንዳመጣ ከውጭ ሲታይ አይለይም።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ከተሞከሩት ሁሉ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ በ2023 የታተመው የፈረንሳይ ሴቶች ጥናት ነው። ከ95 ሺህ የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ መምህራን የሆኑ ሴቶች ለ29 ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። ስለ እንቅስቃሴያቸው ደጋግመው ተጠየቁ፤ ስፖርት ብቻ ሳይሆን እግር ጉዞ፣ አትክልት መኮትኮት፣ ደረጃ መውጣት፣ ቤት ማጽዳት ሁሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ 1,074ቱ በፓርኪንሰን ተያዙ። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ብልሃት ይህ ነው፦ ሴትዮዋ በበሽታው መያዟ ከታወቀበት ዓመት ወደ ኋላ ቢያንስ አሥር ዓመት ዘለው፣ ከዚያ በፊት የነበረውን እንቅስቃሴዋን ብቻ ቆጠሩ። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት እየዘለሉም ሞከሩት።

ሁለት ነገር አገኙ። አንዱ፣ የጠረጠርነው ልክ ነው፤ በኋላ የሚታመሙት ሴቶች እንቅስቃሴ ከምርመራው አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ከጤነኞቹ ይበልጥ እየራቀ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ በአጭር ክትትል የተገኙ ትልልቅ ቁጥሮች የተጋነኑ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው ግን፣ ያ ሁሉ ተቀንሶም ከሁሉ በላይ ይንቀሳቀሱ የነበሩት ሴቶች ዕድላቸው ከሁሉ በታች ከነበሩት በ25 በመቶ ያነሰ ነበር። አሮጌው እንቅስቃሴ፣ በሽታው ገና እጁን ሳያስገባ የተደረገው፣ የራሱ ድርሻ ያለው ይመስላል። “ይመስላል” ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በሌላ ነገርም የተለዩ ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ግማሹን ሠላሳ ዓመት ሩጡ፣ ግማሹን ሠላሳ ዓመት ተቀመጡ ማለት ስለማይቻል፣ የመጨረሻው ማረጋገጫ ከዚህ መንገድ አይመጣም።

አይጦችን ግን ማዘዝ ይቻላል። በ2001 የታተመ አንድ ሙከራ አለ፣ ሁልጊዜ የምተርከው። አይጦች በአንድ ወገን ብቻ ዶፓሚን ሴሎችን የሚገድል መርዝ ተወጉ፤ ይህም የአንዱን ወገን እግር ይጎዳል። ከዚያ የተወሰኑት ደህነኛው የፊት እግራቸው ጄሶ ተደረገበት። እንግዲህ ምን ያድርጉ? በተጎዳው እግር ለመጠቀም ተገደዱ። መርዙ እንደተሰጠ ወዲያው ጀምሮ ሰባት ቀን በተጎዳው እግራቸው የሠሩት አይጦች ዶፓሚናቸው በእጅጉ ተረፈ። ጄሶው ከሳምንት በኋላ የተደረገላቸው ግን ምንም አልተጠቀሙም። እነዚያው ተመራማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት ተቃራኒውን አደረጉ፤ የተጎዳውን እግር እንዳይንቀሳቀስ አሰሩት። ጉዳቱ ባሰ።

ሌላ ላቦራቶሪ ደግሞ አይጦችን ለሦስት ወር በሚሽከረከር ጎማ ላይ እንደ ልባቸው እንዲሮጡ ፈቀደና ከዚያ ኤም.ፒ.ቲ.ፒ. የሚባለውን መርዝ ሰጣቸው። (ይህ መርዝ የራሱ ታሪክ አለው፤ በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ በድብቅ የተሠራ፣ በዚህ መርዝ የተበከለ አደንዛዥ ዕፅ የተወጉ ወጣቶች በቀናት ውስጥ እንደ አሮጌ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ደርቀው ሆስፒታል ደረሱ። እንስሳት ላይ በሽታውን ማስመሰል የተቻለው ከዚያ ወዲህ በዚህ መርዝ ነው።) የሮጡት ሴሎቻቸው ተጠበቁ፤ ሩጫው ሲቀነስባቸው ጥበቃውም አብሮ ቀነሰ። ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. የሚባለውን ፕሮቲን በግማሽ ብቻ የሚያመርቱ አይጦች ግን ቢሮጡም አልዳኑም። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. የነርቭ ሴሎች በሕይወት እንዲቆዩና አዲስ መገናኛ እንዲያበቅሉ የሚያግዝ ፕሮቲን ነው፤ ሩጫ ያበዛዋል። ሩጫው ራሱ ሳይሆን ሩጫው የሚያስመርተው ነገር ነው ጠባቂው ማለት ነው።

ጡንቻም መልእክት ይልካል። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ከሚለቃቸው ነገሮች አንዱ አይሪሲን ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት በግሪኮች አፈ ታሪክ የአማልክት መልእክተኛ ከሆነችው ከአይሪስ ነው። በ2022 የወጣ የአይጥ ጥናት አይሪሲን የተጓጎለውን አልፋ ሲኑክሊን ሴሎች ፈጭተው እንዲያስወግዱ እንደሚረዳ አሳይቷል። በዚህ ላይ እንቅስቃሴ ያረጁ ሚቶኮንድሪያዎች በአዲስ እንዲተኩ ያግዛል፣ በአንጎል ውስጥ የሚነድደውንም ብግነት ያበርዳል። ነገር ግን ሁሉም ላቦራቶሪ ተመሳሳይ ውጤት አላገኘም፤ አይጦችን በትሬድሚል፣ በመሮጫ ማሽን፣ አሩጦ ሴሎቻቸው ሳይተርፉ የቀረበትም አለ። አይጥን በመርዝ በሳምንት ማሳመምና ሰውን በሃያ ዓመት የሚይዝ በሽታ አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ወደ ሰው እንመለስ፣ ወደ ታመመው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የታተመ ሙከራ ሕመሙ በቅርብ የተገኘባቸውን፣ ገና መድኃኒት ያልጀመሩ 128 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ የልብ ምቱ ከከፍተኛው 80 እስከ 85 በመቶ እስኪደርስ በትሬድሚል ሠራ። ሁለተኛው በቀላሉ፣ ከ60 እስከ 65 በመቶ። ሦስተኛው እንደ ወትሮው ኖረ። ከስድስት ወር በኋላ የሕመሙን ምልክት በሚለካው ነጥብ፣ ነጥቡ ሲጨምር ሕመሙ ባሰ ማለት ነው፣ እንደ ወትሮው የኖሩት በ3.2 ባሰባቸው፤ በቀላሉ የሠሩት በ2፤ ጠንክረው የሠሩት ግን በ0.3 ብቻ። ባሉበት ቆሙ ማለት ይቻላል። በ2019 ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ 130 ሰዎች ግማሾቹ እቤታቸው በቆመ ብስክሌት ላይ፣ ግማሾቹ ማፍታቻ እየሠሩ ስድስት ወር ቆዩ፤ ብስክሌተኞቹ በ4.2 ነጥብ ተሽለው ተገኙ።

አሁንም ቃሉን እንጠብቅ። እነዚህ ሙከራዎች የለኩት እንቅስቃሴን ነው፤ የሴል ቁጥር አይደለም። ልምምድ ያደረገ ሰው ሴሎቹ እያለቁም ቢሆን ባሉት በተሻለ ሊጠቀም ይችላል። ወደ ሴሎቹ ለማየት የተሞከረው በ2024 ነው፤ 10 ሕሙማን ስድስት ወር ጠንክረው ሠሩ፤ ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላም አንጎላቸው በምርመራ መሣሪያ ምስል ተነሣ። ይቀንሳል የተባለው የዶፓሚን ምልክት ጨምሮ ተገኘ። 10 ሰው ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድንም የለውም፤ እንደ ማስረጃ ልጠራው አልደፍርም። ዜናውን ባነበብኩ ቀን ግን ማታ እንቅልፍ እንደከለከለኝ ልደብቃችሁ አልችልም። በሽታውን እንደሚያዘገይ የተረጋገጠለት አንድም መድኃኒት በሌለበት ሜዳ ላይ ነው የቆምነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለሦስተኛው፣ ማለት የታመመው ሰው በተሻለ እንዲኖር፣ ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ለሕመምተኛ እንቅስቃሴ ሳያዝ የሚያሰናብት ሐኪም ግማሽ ማዘዣ ነው የጻፈው። ለአንደኛው፣ እንዳይታመሙ፣ ማስረጃው ደህና ነው፣ ግን ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም። ለሁለተኛው ተስፋ አለን።

በሩን እንደማይዘጋ ለማወቅ ስፖርተኞችን ማየት ይበቃል። መሐመድ አሊ በ1984 ሕመሙ ሲነገረው ገና 42 ዓመቱ ነበር። እርግጥ በእሱ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ጭንቅላት ላይ የሚደርስ ምት ተጋላጭነትን እንደሚጨምር ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። ዛሬ ታዲያ ለፓርኪንሰን ሕሙማን ከሚሰጡት ስፖርቶች አንዱ ቦክስ መሆኑ ያስቃል፤ የሚመቱት ከረጢት ነው እንጂ ሰው አይደለም። ለማንኛውም ሯጭም ዋናተኛም ይታመማል። እባካችሁ ለታመመ ወዳጃችሁ “ብትንቀሳቀስ ኖሮ” አትበሉት። ዕድል በ25 በመቶ ቀነሰ ማለት ስለ አንድ ሰው ምንም አይናገርም። በዚያ ላይ ያ የምንወቅሰው ስንፍናው የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አይተናል።

ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።

ከኋላ ያለው ወንድሜ “ጠንክሮ ማለት ምን ያህል ነው?” ብሏል። ግምታዊው ስሌት 220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው። የ60 ዓመት ሰው 160 ይመጣለታል፤ የዚያ 80 እና 85 በመቶ በደቂቃ ከ128 እስከ 136 ምት ነው። ነገር ግን የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ነርቮቹ ተጎድተው ልቡ እንደሚገባው ላይፈጥን ይችላል፤ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶችም ምቱን ይይዛሉ። ያኔ ቁጥሩን ትቶ ትንፋሹን ያዳምጥ፤ ሁለት ሦስት ቃል ከመናገር በላይ የማያስወራው ከሆነ በቂ ነው። ለዚህ ደረጃ ከመነሣቱ በፊት ልቡን መመርመር አለበት። ከተቀመጠበት ሲነሣ ግፊቱ የሚወርድበት ሰውም ትሬድሚል ላይ ብቻውን አይውጣ፤ የቆመ ብስክሌት ይሻለዋል። መድኃኒቱ በሚሠራለት ሰዓት ይሥራ። ሚዛኑን መጠበቅ ለሚያስቸግረው ደግሞ ታይቺ የሚባለው ዝግ ያለ የቻይናውያን የሰውነት እንቅስቃሴ አለ፤ በ2012 በ195 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ መውደቅን ቀንሷል።

እሺ እናቴ፣ እርስዎ። ባለቤትዎ በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ እንደተጣበቀ ይቆማል፣ ታዲያ እንዴት ስፖርት ይሥራ? ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2010 የኔዘርላንድስ ሐኪሞች የ58 ዓመት ሰው ታሪክ ጽፈው ነበር። አሥር ዓመት ታሟል፤ ጥቂት እርምጃ ሳይራመድ ይወድቃል። ብስክሌት ላይ ሲያወጡት ግን እንደ ጤነኛ ነድቶ፣ ዞሮ ተመለሰ። ከወረደ በኋላ እንደገና እግሩ ተጣበቀ። መንቀሳቀሱ አልጠፋበትም፤ መነሻው ነው የጠፋበት። የፔዳሉ ምት መነሻውን ከውጭ ሰጠው። እርስዎም እቤት ውስጥ ሊሰጡት ይችላሉ። ሲቆም ክንዱን ይዘው አይጎትቱት፣ ይወድቃል። በሩ ጋ ወለሉ ላይ፣ በእርምጃው ርቀት፣ ደማቅ ቀለም ያለው ፕላስተር በአግድም ይለጥፉለትና እያንዳንዱን መስመር እንዲሻገር ይንገሩት። ጮክ ብለው አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቁጠሩለት።